በተውሶ ጋቢ የተጨረሰ ውድድር

ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ዳገትን የሚያውቀው በወሬ ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፤ መምህሩም ጠበቃውም ዳቦ ሻጩም በብስክሌት ይሄዳል፤ የሚያልበን ከፀሐዩ እንጂ ከመንገዱ አይደለም። ዳገት ሲያምረን ቤዛዊት ኮረብታ እንወጣና ዓባይን ቁልቁል አይተን እንመለሳለን። እኔም በዚህ ሜዳ ላይ ራሴን ብስክሌተኛ ብዬ ሾሜ ስኖር አርባ ስድስት ዓመት ሞላኝ።

ይህን የምጽፈው ከጎንደር በተመለስኩ በሳምንቱ ነው። የምጽፈውም የወገራን ደጋ በብስክሌት ላይ ሆኖ ለማያየው ሰው ነው፤ ጤነኛ ለሆነ ሰው ሁሉ ማለት ነው።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ዘንድሮ በአማተሮች ውድድር አምስት ጊዜ ተመዘገብኩ፤ አንዳንዱ በአስፋልት ነው፣ አንዳንዱ በተራራ መንገድ። በእነዚህ ውድድሮች ከተወዳዳሪው ሁሉ ኋላ አንዲት መኪና ትከተላለች። ሕጉ አጭር ነው፤ መኪናዋ ያለፈችው ሰው ከውድድሩ ወጥቷል። ብስክሌቱን ይጭናል፣ ይሳፈራል፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። እኛ «ለቃሚዋ» እንላታለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ውድድሮች ሦስቱንም ጊዜ ለቅማኛለች።

ከሦስተኛው በኋላ እራት ላይ ተናድጄ አንድ ነገር አመለጠኝ። «የቀሩት ሁለቱ ጎንደር ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ካልጨረስኩ ሁለተኛ የውድድር ቁጥር አልለጥፍም፤ ብስክሌቱም ገበያ መሄጃ ይሁን» አልኩ። ባለቤቴ ወይንሸት ብቻ ብትሰማው ኖሮ ሲነጋ ተረስቶ ነበር። ነገር ግን አማቴ ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የሰሙትን የሚረሱ ሴት አይደሉም። «ሰምቻለሁ» አሉ።

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆችን «የጀመራችሁትን ጨርሱ» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ጨረሱ?» ይሉኛል። ሦስት ሰኞ «አልጨረስኩም» ብያለሁ። ሦስተኛው ላይ ማንም አልሳቀም፤ ያሳመመኝም እሱ ነው።

ሐሙስ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ፣ ሦስቱም «ዛሬ ሰላም ነው» ስላሉኝ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ብስክሌቴን ረዳቱ ጣሪያ ላይ አሰረው። ያለኝ አንድ ብስክሌት ነው፤ ለአስፋልቱ ቀጭን ጎማ፣ ለተራራው ወፍራም ጎማ እየቀያየርኩ እነዳዋለሁ። ባለ ሁለት ብስክሌቶቹ እንደ ባለ ሁለት ሚስት ይጨነቃሉ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ወረታ ስንደርስ ቀይ ሽንኩርት በጆንያ ጣሪያው ላይ መጫን ጀመረ። «ኧረ ከሥር ብስክሌት አለ» ብል ረዳቱ «አይዞህ አባቴ፣ ሽንኩርት ምን ይጎዳል?» አለኝ። ጎንደር ፒያሳ ስንወርድ የማርሽ መቀየሪያው ተጣሞ ቸርኬው ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ረዳቱም አየው፤ «መንገዱ ነው» ብሎ ሄደ።

ባሕር ዳር አቅጣጫ ስትጠይቅ «ወደ ሐይቁ» ወይም «ወደ ዓባይ» ይሉሃል። ጎንደር ሁለት አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው፤ ላይና ታች። የብስክሌት መለዋወጫ ያለበትን ሱቅ ስጠይቅ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ላከኝ። ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ወረድኩ። በመጨረሻ አራዳ ገበያ አጠገብ ጀማል የሚባል የሠላሳ ዓመት ግድም ሰው አገኘሁ፤ ሱቁ ከአያቱ ጀምሮ የቤተሰቡ ነው። መቀየሪያውን ፈትቶ፣ በመዶሻ ሳይሆን በእጁ ቀስ አድርጎ አቀናው። ጊዜ ወሰደበት፤ አልተሰላቸም። ዋጋውን ስጠይቀው «መምህር፣ እንግዳ ነዎት» ብሎ እጄን መለሰው።

ስንለያይ የውድድሩን ነገር አነሳሁለት። «አውቃለሁ፤ ነገ ለቃሚዋን የምነዳት እኔ ነኝ» አለ።

«እንግዲያ እንዳትለቅመኝ ነው የሠራህልኝ?»

«እሱን አላውቅም መምህር። ሕግ ሕግ ነው። መኪናዋ ካለፈችዎት ወጥተዋል።»

ዓርብ

የአስፋልቱ ውድድር ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ በኩል ቆላ ድባ ደርሶ መልስ ነው። መውረዱን አልናገርም፤ መውረድን ማንም ይችላል። አዘዞን አልፈን የደምቢያ ሜዳ ሲዘረጋ ግን አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ሜዳ። ከገበያ የሚመለሱ አህዮች፣ የታጨደ ጤፍ ማሳ፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣ ለብ ያለ ነፋስ። ስምንት ሰው ቀደምኩ። ቆላ ድባ ላይ ስንዞር መሐል ላይ ነበርኩ፤ «እንዴት ነዎት አማቴ» ብዬ በልቤ ፎከርኩ።

ከዚያ መልሱ መጣ። አዘዞ ላይ ዳገቱ ይጀምርና ጎንደር እስክትደርስ ልራራልህ አይልም። የቀደምኳቸው ስምንቱም አንድ በአንድ አለፉኝ፤ አንደኛው «አይዞን» አለኝ፤ «አይዞህ» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ የፒካፕ ሞተር ሰማሁ። ጀማል ነው። ሳያጣድፈኝ ሰላሳ ሜትር ርቆ ተከተለኝ፤ ልክ ጫጩት እንደሚነዳ ሰው። ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ጎኔ መጥቶ መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

«መምህር፣ ዛሬ ጁምዓ ነው። ሶላት ሊያመልጠኝ ነው። ምን ላድርግ?»

ሰውን ከጸሎቱ የማስቀረው ለምን ጽድቅ ነው? «እለፈኝ» አልኩት። አለፈኝ፤ ሃያ እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ወርዶ ብስክሌቴን ራሱ ጫነ። ጋቢና ውስጥ ገብቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አፍሬ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ሊያስለቅሰኝ የደረሰ እፍረት።

ከመስጂድ ሲመለስ ካረፍኩበት ሆቴል ወሰደኝና እናቱ ቤት ምሳ ጋበዘኝ። ዓርብ መሆኑ በጀን። በሌላ ቀን ቢሆን እኔ የእነሱን ሥጋ አልበላም፣ እነሱም የኔን አይበሉም፤ ተፋፍረን ሻይ ጠጥተን እንለያይ ነበር። ሽሮና ምስር ግን ሃይማኖት የላቸውም፤ ከአንድ ትሪ በላን። እናቱ እትዬ ዘይነባ እስክጠግብ አዩኝና «ልጄን ከጁምዓ ሊያስቀርብኝ የነበረው ሰው የቱ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ሸጋ ሰው ነው» አሉ። ሳቅን። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቄ ነበር።

ቅዳሜ

የቀረኝ አንድ ውድድር ነው፤ እሱም ዳባት ላይ፣ በተራራ መንገድ። ጠዋት ወፍራሙን ጎማ ቀይሬ መናኸሪያ ልሄድ ስል ጀማል ፒካፑን ሆቴሉ በር ላይ አቁሞ ጠበቀኝ። እሱም ለቃሚዋን ሊነዳ ወደዚያው ነው። «ዛሬ እንኳ በገዛ ፈቃድዎ ይሳፈሩ» አለኝ።

ኮሶዬ ላይ ገደሉን እንዳየው ብሎ አቆመልኝ። ሰው ይህን ገደል ለማየት ከሩቅ ይመጣል። እኔ ግን ያየሁት ነገ እዚያ ውስጥ እንዳንወርድ እየሰጋሁ ስለነበር ውበቱን መመስከር አልችልም። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ለቁርስ ቆምን፤ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ከላዩ ትኩስ ሻይ። ባሕር ዳር ሻይ የምንጠጣው ለጨዋታ ነው፤ እዚያ ግን ብርጭቆውን በሁለት እጅ ይዘህ ከጣትህ ጀምሮ ነው የምትጠጣው።

ዳባት ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ሦስት ብርድ ልብስ ሰጥተውኝ አራተኛ ይዘው መጡ። እኛ ቤት አንድ አንሶላ ይበዛብናል። ብስክሌቱን ወደ ክፍሌ ሳስገባ ሲያዩኝ «ምነው በዚህ? መኪና ጠፍቶ ነው?» አሉ። ውድድር መሆኑን ነገርኳቸው። «ታሸንፋለህ?» አሉኝ። «መጨረስ ብቻ ነው የምፈልገው» ስላቸው ለእግሬ ሙቅ ውሃ በጄሪካን አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡ።

እሑድ

አዘጋጆቹ ደግ ናቸው፤ ውድድሩ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። መንገዱ ከዳባት ወጥቶ በገጠር ጥርጊያ መንገድ ገብስ ማሳዎቹን ዞሮ ተመልሶ ዳባት ይገባል። አየሩ ስስ ነው። ትንፋሽ ትስባለህ፣ የምታገኘው ግማሹን ነው።

ግማሽ መንገድ ሳልደርስ የኋላ ጎማዬን እሾህ ወጋው። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ነበረኝ፤ ጣቶቼ ግን ደንዝዘው ጎማውን ከቸርኬው ማላቀቅ አቃተኝ። ሁለቱን እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ስቆም የቀሩት ሁሉ አለፉኝ። እንደ ምንም ቀይሬ፣ ነፍቼ ስነሳ ያ የለመድኩት ሞተር ከኋላዬ ተሰማኝ። ጀማል ዛሬም አላጣደፈኝም። ዛሬ ጁምዓ የለበትም፤ ግን መኪናዋ የምትገባበት ሰዓት የተወሰነ ነው፤ ከዘገየሁባት ታልፈኛለች፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደዚህ ሄድን፤ እኔ ከፊት፣ ለቃሚዋ ከኋላ። ዳገት ላይ ትቀርበኛለች፣ ቁልቁለት ላይ እርቃታለሁ። አንድ ጉብታ ላይ ስወጣ የዳባት ቆርቆሮ ጣሪያዎች ብልጭ አሉ። ስድስት ኪሎ ሜትር ቢቀር ነው። ፒካፕዋ ደግሞ ከኋላዬ መቶ እርምጃ ብቻ ነበረች።

ጉብታውን ስወርድ ከጎን ካለው መንደር ብዙ ሰው ወደ መንገዱ ሲወጣ አየሁ። ቃሬዛ ተሸክመዋል። ቀብር ነው። ካህናቱ ከፊት፣ ቃሬዛው መሐል፣ ሴቶቹ እያለቀሱ ከኋላ፤ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው እኔ ወደምሄድበት አቅጣጫ ዞሩ።

በቦዩ ጠርዝ አንድ ክንድ የምታህል ማለፊያ ነበረች። አየኋት። አንገቴን ደፍቼ፣ ፔዳሉን ሳልረግጥ፣ ቀስ ብዬ ሾልኬ ብሄድስ ብዬ አሰብኩ። እዋሻለሁ እንዴ? አሰብኩ። ግን በእኛ አገር ቀብር ሲያልፍ በበቅሎ ያለ ይወርዳል፣ ሱቅ ውስጥ ያለ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ መንገደኛ ሰው ዞሮ ጥቂት ይሸኛል፣ ጉልበት ያለው ትከሻውን ይሰጣል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ሳውቀው ነው ያደግኩት። ወረድኩ። በቃ፣ የዘንድሮው ነገር እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነው የወረድኩት።

እግሬ መሬት ሲነካ ሌላ ጉድ ትዝ አለኝ። የለበስኩት የብስክሌተኛ ቁምጣ ነው፤ ጥብቅ ያለ፣ ጭኔ ላይ የተለጠፈ። በዚያ ለቅሶ መሐል! ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ልሸሸግበት የምችል ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረም። ያን ጊዜ ሽበታም፣ ቀጠን ያሉ ሰው ከሰልፉ ወጥተው ወደኔ መጡ። የለበሱትን ጋቢ ከትከሻቸው አወረዱና ዘረጉልኝ።

«እንካ ልጄ፣ አገልድመው። ብርድም ነው፣ ሰውም ነው» አሉኝ። በቀጭን ሸሚዝ ቀሩ። ብስክሌቴን ከእጄ ተቀብለው እንደ በቅሎ እየሳቡ ጎኔ ተራመዱ። መኳንንት ይባላሉ፤ በኋላ «አያ መኳንንት» እያልኩ ነው የጠራኋቸው። ሟቹ ታላቅ ወንድማቸው ነበሩ።

ጋቢውን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ወደ ቃሬዛው ሄድኩና ከአንድ የደከመ ሰው ትከሻ ተቀበልኩ። አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ቦታ እያሳረፉ ነው የሚጸለይለት። አንዱ ማረፊያ ላይ ቆመን ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ ዞር ብዬ አየሁ። ፒካፕዋ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች፣ ሞተሯ ጠፍቷል። ጀማልም ወርዶ መጥቶ ነበር። ከኔ ትይዩ ያለውን ጫፍ ተቀበለና እስከሚቀጥለው ማረፊያ አብሮኝ ተሸከመ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ሁለተኛው ማረፊያ ላይ አያ መኳንንት ጀርባዬ ላይ ያለውን ቁጥር አዩ።

«ይኸ የውድድር ነው?»

«አዎ።»

«ምነው ሳትነግረን? በል ሂድ። ተሸክመሃል፣ ሸኝተሃል፤ ይበቃል።»

«አልቋል አባቴ፤ ያቺ መኪና ካለፈችኝ...» ብዬ ወደ ኋላ አመለከትኩ። አመልክቼ እጄ አየር ላይ ቀረ። መኪናዋ አላለፈችኝም። ልታልፈኝም አትችልም። በእሷና በኔ መካከል ሀገር ሙሉ ሰው አለ፤ ለቅሶ ላይ ጡሩንባ የሚነፋ ሾፌር ደግሞ እናቱ አልወለደችውም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚገነጠለው መንገድ ገና ሩቅ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ማረፊያ ይቀራል። ጀማል ከመሪው ኋላ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ ምን ላድርግ እንደሚል ሰው።

አያ መኳንንት ብስክሌቱን ሰጡኝ። ለካህናቱ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ከፊታቸው በእግሬ ራቅሁ፤ ከእይታ ስወጣ ተፈናጠጥኩ። ከዚያ በኋላ የቀረውን መንገድ እንዴት እንደ ሄድኩት ብትጠይቁኝ አላውቅም። የማውቀው ጋቢው ሰንሰለት እንዳይበላው ጫፉን ቁምጣዬ ውስጥ መወተፌን ነው። የመጨረሻውን ዳገት ቆሜ ረገጥኩት፤ ወርጄ አልገፋሁም።

መድረሻው ላይ ሰዓት ያዡ ጠረጴዛውን እያጠፈ ነበር። ባለ ጋቢ ብስክሌተኛ ሲመጣ አይቶ ቀና አለ።

«ለቃሚዋስ?» አለኝ።

«ከኋላዬ ናት።»

«አላለፈችዎትም?»

«አላለፈችኝም።»

መዝገቡን ገልጦ ከሁሉም ሥር ስሜን ጻፈ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ደስታም እፎይታም ነበር፤ ሦስት ሰኞ ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሳልኝ። ወይንሸት ጋ ደወልኩ፤ አማቴ ስልኩን ተቀበሏት።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ እማማ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ ለከርሞም ልታስጨንቀን ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ሳቅ ነበረው።

ጀማል ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ደረሰ። ይከራከረኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። «አላለፍኩዎትም» አለ፤ «ሕግ ሕግ ነው።» ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ጋቢው ግን የማን ነው?»

አያ መኳንንትን በዚያ ብርድ፣ በወንድማቸው ቀብር ላይ፣ በሸሚዝ ትቻቸው መጥቻለሁ። ደስታዬ በአንድ ጊዜ ሙቀቱ ቀነሰ። ጀማል «ነገ ጠዋት እናደርሳለን» ብሎ አረጋጋኝ። ጋቢውን አራግፌ፣ አጥፌ፣ ራስጌዬ አስቀመጥኩትና በአራቱ ብርድ ልብስ ሥር እንደ ድንጋይ ተኝቼ አደርኩ።

ሰኞ

ጀማል ሱቁን መክፈት ነበረበት፤ ግን አልቸኮለም። ወደ ጎንደር ከመውረዳችን በፊት በትላንቱ መንገድ ተመልሰን መንደሩ ገባን። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ዛሬ ሱሪ ለብሻለሁ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥን፤ ንፍሮ በሰፌድ ቀረበልን።

አያ መኳንንት የሰው ኮት ደርበው መጡ። ጋቢውን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። «ምነው ለዚህ ብለህ ነው የተመለስክ? በሄድክበት በለበስከው» አሉ። «እኔ ወደ ሙቀት አገር ነው የምሄደው አያ፤ ብርዱ የሚቀረው እርስዎ ጋ ነው» አልኳቸው። ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ፤ ሳይደርቡትም ትንሽ ጊዜ ጉልበታቸው ላይ አቆዩት።

ልንነሳ ስንል ከሴቶቹ በኩል ልከው አስጠሩኝ። የሟቹ ባለቤት ናቸው። ጥግ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው አብጧል፤ ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። የማጽናኛ ቃል እያዘጋጀሁ ነበር፤ ቀደሙኝ።

«ያ ባለ ብስክሌቱ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ትላንት ችኩል ነበርህ አሉኝ። የምትሮጥበት ነበር አሉ። ሆነልህ?»

«ሆነልኝ፤ ከሁሉም መጨረሻ ሆኜ ጨረስኩ» አልኳቸው።

ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው፤ ትከሻቸው ዝቅ አለ።

«ተመስገን» አሉ። «በኛ ሰበብ ቀርቶበት ይሆን እያልሁ ሳስብ ነው ያደርሁ።»